የኢንዶኔዥያ ሙዚቃ፣ ፊልምና የኢንተርኔት ቪዲዮ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጂዳ በሠራሁባቸው ዓመታት አንድ ክፍል የተጋራኋት ሴት የምሥራቅ ጃቫ ልጅ ነበረች። ማታ ሥራ አልቆ ወደ ክፍላችን ስንገባ ስልኳን ትራሷ ላይ አስደግፋ ትከፍታለች፤ ከበሮው መምታት ሲጀምር የቀኑ ድካም ከፊቷ ሲወርድ አየው ነበር። «ምባክ» ትለኛለች፤ በጃቫ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው። የአገሯን ሙዚቃና ፊልም ያወቅሁት በዚያች ትንሽ ስልክ ነው፤ ወደ አገሬ ከተመለስኩ በኋላም አልተውኩትም። እዚህ የሰበሰብኳቸው ወዳጆቼና አንባቢዎች ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄዎች ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ኢንዶኔዥያ መዝናኛ ለማወቅ ከየት ይጀመራል?

ከአገሪቱ ስፋት። ወደ 280 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ፣ ከ17,000 የሚበልጡ ደሴቶች፣ ከ700 የሚበልጡ ቋንቋዎች አሏት። ይህን ሁሉ ሰው የሚያግባባው ባሃሳ ኢንዶኔዥያ የተባለው ብሔራዊ ቋንቋ ነው፤ ቴሌቪዥኑም ሲኒማውም በአብዛኛው የሚናገረው በእርሱ ነው። የመንግሥቱ ጣቢያ ቲቪአርአይ በ1962 ጃካርታ የእስያ ጨዋታዎችን ስታስተናግድ ሥራ ጀመረ፤ የመጀመሪያው የግል ጣቢያ አርሲቲአይ በ1989 እስኪመጣ ድረስም ያለ ተፎካካሪ ቆየ። ዛሬ ሰው የሚያየው በስልኩ ነው። ስልኩ ደግሞ ጃካርታ ያልመረጠችውን ሁሉ ይዞ መጣ፤ የመንደር ዘፈን፣ የመንደር ተረት፣ የመንደር ጀልባ። ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ስለዚሁ ነው።

ዳንግዱት ምንድን ነው?

ስሙ የወጣው ከከበሮው ድምፅ ነው። በመዳፍ የሚመታው ከበሮ «ዳንግ» ይልና «ዱት» ብሎ ይመልሳል፤ ወገብ የሚያነቃንቀው ያ ሁለተኛው ምት ነው። የማላይ ዜማ፣ የሕንድ ፊልም ሙዚቃና የዐረብ ሙዚቃ ተዋህደውበታል። በ1970ዎቹ ሮማ ኢራማ የኤሌክትሪክ ጊታርና ሃይማኖታዊ ምክር ያለበት ግጥም ጨምሮበት ከፍ አደረገው፤ እስከ ዛሬም «የዳንግዱት ንጉሥ» ይባላል።

በ2003 ደግሞ ኢኑል ዳራቲስታ የምትባል የምሥራቅ ጃቫ ዘፋኝ ወገቧን እንደ መሰርሰሪያ እያሽከረከረች ስትጨፍር የሚያሳዩ ቅጂዎች አገሩን አጥለቀለቁት። ያኔ ዩቲዩብ አልነበረም፤ ቅጂዎቹ ከገበያ ገበያ የሚዞሩ የቪዲዮ ሲዲዎች ነበሩ። «ንጉሡ» ሮማ ኢራማ ራሱ በአደባባይ አወገዛት፤ ሕዝቡ ግን አልተዋትም። ዛሬ በስልክ የምናየው ነገር ሁሉ መነሻው ለእኔ ያ ክርክር ነው፤ አንዲት የገጠር መድረክ ዘፋኝ የትልልቆቹን ጣቢያዎች ደጅ ሳትጠና ሰው ዘንድ ደረሰች።

አሁን ወጣቱ የሚሰማው ኮፕሎ የተባለውን ፈጣን የምሥራቅ ጃቫ ዳንግዱት ነው። በዚህ ስልት የታወቀችው ቪያ ቫለን በ2018 ጃካርታና ፓሌምባንግ ያስተናገዷቸውን የእስያ ጨዋታዎች መዝሙር በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ላይ ዘፍናለች። ኢኑል የተወገዘችበት መንገድ በ15 ዓመት ውስጥ ብሔራዊ ስታዲየም ደረሰ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በሠርግ ላይ ዘፋኟ ስትዘፍን እንግዳው መድረክ ላይ ወጥቶ እየጨፈረ ኖት አንድ በአንድ ይሰጣታል፤ «ሳዌር» ይሉታል። አዝማሪ ግንባር ላይ ብር ሲለጠፍ እያየ ላደገ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ዛሬ በቀጥታ ሥርጭት ለሚጫወት ወይም ለሚያወራ ሰው በስልክ የሚላከውንም ገንዘብ የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው።

ወጣቶች እያለቀሱ አብረውት የሚዘፍኑት ያ ጎልማሳ ማን ነበር?

ዲዲ ኬምፖት። በሶሎ ከተማ የተወለደና በመንገድ ዳር እየዘፈነ የጀመረ ሰው ነው፤ «ኬምፖት» የሚለው ስም ራሱ «የእግረኛ መንገድ ዘፋኞች ቡድን» ከሚለው ሐረግ የተውጣጣ ምኅጻር ነው። የሚዘፍነው በጃቫ ቋንቋ ነው። ታሪኩም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ አንዱ ሌላውን ባቡር ጣቢያ፣ አውቶቡስ መናኸሪያ ወይም ወደብ ላይ ይሸኛል፣ የሄደው «እመለሳለሁ» ይላል፣ አይመለስም። የቦታዎቹ ስም እውነተኛ ነው። ሶሎ የሄደ ሰው ዘፈኑ ውስጥ ያለው ባቡር ጣቢያ ሄዶ መቆም ይችላል።

በ1990ዎቹ የወላጆች ዘፋኝ ነበር፤ ሩቅ ደቡብ አሜሪካ ባለችው ሱሪናም የሚኖሩት የጃቫ ተወላጆችም ይወዱት ነበር። በ2019 ግን ገና ሃያ ያልሞላቸው ልጆች በኮንሰርቱ ላይ ሲያለቅሱ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በየስልኩ ተዛመቱ። «የልበ ስብራት አባት» አሉት። ራሳቸውን ደግሞ «ሶባት አምብያር» ብለው ሰየሙ፤ ሶባት ወዳጅ ነው፣ አምብያር ደግሞ መስታወት ወድቆ ፍርክስክሱ ሲወጣ የሚባለው ነው። በኤፕሪል 2020፣ ወረርሽኙ ሰውን ቤቱ ባዋለበት ወቅት፣ ከቤቱ ሆኖ ባቀረበው የቀጥታ ሥርጭት ኮንሰርት ከ7 ቢሊዮን ሩፒያ (የአገሪቱ ገንዘብ ነው) በላይ ለተቸገሩ ተሰበሰበ። ሜይ 5 ቀን 2020 በ53 ዓመቱ ዐረፈ። ያን ቀን የክፍሌ ጓደኛ የላከችልኝ የድምፅ መልእክት አምስት ሰከንድ አይሞላም፤ ልቅሶ ብቻ ነው።

የጃቫ ባህላዊ ሙዚቃ እንደ እኛው በአምስት ድምፅ ቅኝት የሚሄዱ ብዙ ዜማዎች አሉት፤ እርሱም ከዚያ ይቀዳል። ቃሉን ሳላውቅ ዜማው አንጀቴን የበላው ለዚህ ይሆናል። ትዝታ የሚወድ ሰው በእርሱ ይጀምር እላለሁ።

በጃቫ ቋንቋ መዝፈን ከእርሱ በኋላ የሚያኮራ ሆነ። በ2022 የነጻነት በዓል ዕለት አንድ የ12 ዓመት ልጅ በቤተ መንግሥቱ ግቢ በጃቫ ቋንቋ ሲዘፍን ሚኒስትሮች ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጨፍረዋል፤ ፕሬዚዳንት ጆኮ ዊዶዶም እዚያው ነበሩ።

ሲኒማቸው ለምን በአስፈሪ ፊልም ተሞላ?

ፍርሃቱ ከቤታቸው ስለማይርቅ ይመስለኛል። ፖቾንግ የሚሉትን መንፈስ እንውሰድ። በእስልምና ሥርዓት ሬሳ በነጭ ከፈን ተጠቅልሎ ይታሰራል፤ መቃብር ሲገባ ቋጠሮው ይፈታል። ሳይፈታ ከተረሳ ሟቹ ይነሣና፣ እግሩ እንደታሰረ፣ እየዘለለ ይመጣል ይላሉ። ፊልሙን የሚያየው ሰው ቀብር ላይ ቆሞ ያንን ቋጠሮ በዓይኑ ያየ ነው። ኩንቲላናክ ደግሞ ነፍሰ ጡር ሳለች የሞተች ሴት መንፈስ ናት፤ ስለ እርሷ ያልሰማ ልጅ አይገኝም።

በ2017 ዳይሬክተሩ ጆኮ አንዋር በ1980 የተሠራ አንድ አስፈሪ ፊልም እንደገና ሠርቶ ከ4 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ሲኒማ ቤት አስገባ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን የበለጠ ያስደንቃል። በ2019 ማንነቱን ያልገለጸ ሰው በትዊተር ላይ አንድ ታሪክ ቆራርሶ ጻፈ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለማኅበረሰብ አገልግሎት ሩቅ መንደር ይላካሉ፤ በመንደሩ የተከለከለውን ይጥሳሉ፤ ሁለቱ በሕይወት አይተርፉም። ይህ አገልግሎት በኢንዶኔዥያ ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደ ነውና ብዙ አንባቢ እንዲያ ባለ መንደር አድሯል፤ የሌሊቱን ጨለማ ያውቀዋል። ከታሪኩ የተሠራው «ካካኤን ዲ ዴሳ ፔናሪ» በወረርሽኙ ምክንያት ሁለት ዓመት ዘግይቶ በ2022 ሲወጣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው አየው። ከዚያ በፊት ይህን ያህል ተመልካች ያገኘ የአገሪቱ ፊልም አልነበረም።

ሁሉም ፊልም ግን አስፈሪ አይደለም። በ2024 አብረው ፖድካስት የሚያዘጋጁ አራት ኮሜዲያን የተወኑበት «አጋክ ላኤን» ከ9 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አግኝቷል፤ እርሱም ቢሆን የሚያሥቀው በሌሊት ባዛር ውስጥ ባለ የመናፍስት ቤት ዙሪያ ነው። በ2025 ለኢድ አል ፈጥር የወጣው «ጁምቦ» ደግሞ የአኒሜሽን ፊልም ሲሆን እርሱም ከ10 ሚሊዮን አልፏል። ከ400 በላይ የአገሪቱ ባለሙያዎች ደክመውበታል። እኔ የምወደው ይህንን ነው፤ ልጆች በገዛ ቋንቋቸው የተሠራ አኒሜሽን ለማየት ከወላጆቻቸው ጋር ተሰልፈው የገቡበት ዓመት ነበር።

ሲኔትሮን ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ነው፤ «ሲኔማ ኤሌክትሮኒክ» ከሚለው ያጠረ። በየቀኑ የሚተላለፍ በመሆኑ ቀረጻውም በየቀኑ ነው፤ ተመልካች ከበዛ ታሪኩ ይረዝማል፣ ከቀነሰ ባለታሪኩ መኪና ይገጨዋል ወይም ትዝታው ይጠፋበታል። ሐጅ ስለሄደ የገንፎ ሻጭ የሚተርክ አንድ ድራማ ከ2012 እስከ 2017 ከ2,000 በላይ ክፍሎች ወጥተውለታል። እንዲህ ያለ ጥድፊያ ተዋንያንንም ጸሐፊንም ይገድላል ብዬ አምናለሁ። በወረርሽኙ ጊዜ ግን ቤት የዋለውን ሕዝብ ማታ ማታ አንድ ላይ ያስቀመጠው ሲኔትሮን መሆኑን መካድ አይቻልም።

ዩቲዩብ ላይ ትልልቆቹ ስሞች እነማን ናቸው?

በ2019 በደቡብ ምሥራቅ እስያ በግል ስም ከሚሠሩ የዩቲዩብ ሰዎች 10 ሚሊዮን ተከታይ በማግኘት ቀዳሚ የሆነው አታ ሃሊሊንታር ነው፤ በ2021 ሲያገባ ሠርጉ በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላልፏል፣ ፕሬዚዳንቱም ተገኝተዋል። ከቴሌቪዥን ወደ ዩቲዩብ የተሻገረው ራፊ አህመድ በ2024 የፕሬዚዳንቱ ልዩ መልእክተኛ ሆኖ ተሹሟል። ቀድሞ የምትሃት ሰው የነበረው ዴዲ ኮርቡዚየር ደግሞ ሚኒስትሩንም ዘፋኙንም ማይክሮፎን ፊት አስቀምጦ የሚያነጋግር ሆነ። በነገራችን ላይ ኢንዶኔዥያ ውስጥ «ፖድካስት» ሲባል የሚሰማ ብቻ ሳይሆን የሚታይ ቃለ ምልልስ ነው።

በጀልባ አፍንጫ ላይ ቆሞ የሚጨፍረው ልጅ ቪዲዮ ከየት መጣ?

ከሱማትራ፣ ከሪያው ግዛት። ውድድሩ «ፓቹ ጃሉር» ይባላል፤ በኩዋንታን ወንዝ ላይ ይካሄዳል። ጀልባው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ሆኖ እስከ 60 ቀዛፊ ይይዛል። ከፊት ጫፉ ላይ የሚቆመው ክብደቱ ቀላል የሆነ ልጅ ነው። የሚጨፍረው ለጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጭፈራው ጀልባቸው እየመራ መሆኑን ከዳር ላሉት ሁሉ ያበስራል። እግሩ ሁለት መዳፍ በማይሞላ እርጥብ እንጨት ላይ ነው፣ ከኋላው ያሉት ሁሉ በሙሉ ኃይላቸው ይቀዝፋሉ፤ እርሱ ግን ፊቱ ሳይለወጥ እጁን ያሽከረክራል።

በ2025 አጋማሽ የአንድ የ11 ዓመት ልጅ ጭፈራ ከአሜሪካዊ ዘፈን ጋር ተቀናብሮ በዓለም ዙሪያ ዞረ፤ የአውሮፓ እግር ኳስ ተጫዋቾች ሳይቀሩ አስመሰሉት። ወጣቶቹ «አውራ ፋርሚንግ» አሉት፤ ሳይደክሙ ግርማ ሞገስ ማካበት እንደማለት ነው። የሪያው አስተዳዳሪ ልጁን የግዛቱ የቱሪዝም አምባሳደር አድርገው ሾሙት። ውድድሩ ግን ከቅኝ ግዛት ዘመን በፊት ጀምሮ የኖረ ነው፤ ደች የንግሥታቸውን ልደት ያከብሩበት ነበር፣ ዛሬ ከኦገስቱ የነጻነት በዓል ጋር ይያያዛል። ቪዲዮውን ወደው ከሆነ ሙሉውን ውድድር ይመልከቱ፤ አሥራ አምስቱ ሰከንድ ከነገሩ ላይ ብዙ ቆርጦ ጥሏል።

እንዲህ ያለውን ነገር የሚጀምሩት ሰዎች ምን ያገኛሉ?

ብዙ ጊዜ ጥቂት። ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ።

በ2016 መጨረሻ በማዕከላዊ ጃቫ መንገድ ዳር የሚቆሙ ልጆች ለሚያልፉ አውቶቡሶች «ኦም ቴሎሌት ኦም!» የሚል ጽሑፍ ያሳዩ ነበር። ኦም አጎት ማለት ነው፣ ከደች የተወረሰ ቃል፤ ቴሎሌት ደግሞ የዜማ ጥሩንባው ድምፅ ነው። «አጎቴ፣ ጥሩንባዋን!» ማለታቸው ነው። ሹፌሩ ሲነፋላቸው የሚፈነጩትን ፍንጨት ያየ ሰው ፊቱ ሳይፈታ አይቀርም። በዲሴምበር የዓለም ታላላቅ የዳንስ ሙዚቃ አቀናባሪዎች ሐረጉን እየጻፉ፣ ድምፁንም እያቀናበሩ አሰራጩት። ልጆቹ እዚያው መንገድ ዳር ቀሩ።

ሁለተኛው የ2022 ነው። ከጃካርታ ዳርቻ፣ ከቺታያምና ከቦጆንግ ጌዴ፣ የድሃ ቤተሰብ ልጆች በከተማ ባቡር እየመጡ ዱኩህ አታስ በተባለው የፎቅ ሰፈር መዋል ጀመሩ። የእግረኛ ማቋረጫው ላይ መብራቱ ቀይ ሲሆን በርካሽ ልብሳቸው እንደ ፋሽን ሞዴል ይራመዳሉ፤ አረንጓዴ ሲሆን ይበተናሉ። ቲክቶክ ላይ ቀራጮች «የለበስከው ስንት ወጣበት?» ይሏቸዋል፤ መልሱ ብዙ ጊዜ ጥቂት ገንዘብ ነው። «የቺታያም ፋሽን ሳምንት» ተባለ። ቀጥሎ ዝነኞች መጡ፣ ባለሥልጣናት መጡ፣ ከዝነኞቹ የአንዱ ድርጅትም ስሙን የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። የሕዝቡ ቁጣ ሲበረታ ማመልከቻው ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ ፖሊስ ትራፊኩ ታወከ ብሎ ልጆቹን በተናቸው። እነዚያ ልጆች የፈጠሩት ነገር የእነርሱ ነበር፤ ማንም ከእጃቸው ሊወስድባቸው አይገባም ነበር።

ቲክቶክ ላይ መሸጥ ተከልክሎ ነበር ይባላል፤ እውነት ነው?

ለሁለት ወር ያህል። የቀጥታ ሥርጭት ሻጮች ልብስ እያነሡ «ቢጫው ቅርጫት ላይ ይጫኑ» ይላሉ፤ ቅርጫቱ ስክሪኑ ላይ ያለው የመግዣ ምልክት ነው። ጃካርታ ያለው ትልቁ የልብስ ገበያ ታናህ አባንግ (ለእኛ መርካቶ እንደማለት ነው) ገዢ እየራቀው ነጋዴዎቹ አቤት አሉ። መንግሥት በሴፕቴምበር 2023 በማኅበራዊ ሚዲያ ውስጥ በቀጥታ መገበያየትን ከለከለ፣ ኦክቶበር 4 ሱቁ ተዘጋ። በዲሴምበር ቲክቶክ ቶኮፔዲያ የተባለውን የአገሪቱን የኢንተርኔት ገበያ 75 በመቶ ድርሻ ወስዶ በዚያ በኩል ተመለሰ። የነጋዴዎቹ አቤቱታ ግን እዚያው አለ።

አሮጊቶች ጭቃ ውኃ ውስጥ ተቀምጠው የሚታዩበት ቪዲዮ ምንድን ነው?

ልብ የሚሰብር ነገር ነው። በ2022 መጨረሻና በ2023 መጀመሪያ በሎምቦክ ደሴት እናቶች በቀጥታ ሥርጭት ላይ ጭቃ ውኃ ውስጥ ተቀምጠው ለሰዓታት ውኃ በራሳቸው ላይ ያፈሱ ነበር፤ ተመልካቹ የሚገዛው ምናባዊ ስጦታ ወደ ገንዘብ ይመነዘራል። የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትሯ በጃንዋሪ 2023 በአረጋውያን ልመናን የሚከለክል ደብዳቤ ለየአስተዳደሩ ላኩ። አንዳንዶቹ ሴቶች «ከእርሻ ቀን ሥራ ይሻላል» ሲሉ ተደምጠዋል። እነርሱን መውቀስ አልችልም። ከየስጦታው ድርሻውን የሚያነሣውን መተግበሪያ ግን እወቅሳለሁ።

ሳንሱር አለ?

አለ። ሲኒማ የሚያየው የፊልም ሳንሱር ተቋም ሲሆን ቴሌቪዥን የሚቆጣጠረው የብሮድካስት ኮሚሽን ነው። ኢንተርኔት ላይ መንግሥት ድረ ገጾችን ይዘጋል፤ ቲክቶክ ራሱ በጁላይ 2018 ለቀናት ታግዶ ነበር። በ2023 አንዲት ሴት ቢስሚላህ ብላ የአሳማ ቆዳ ስትበላ የሚያሳይ ቪዲዮ ለጥፋ የሁለት ዓመት እስራት ተፈርዶባታል። በ2024 የቀረበው የብሮድካስት ሕግ ማሻሻያ ረቂቅ የምርመራ ጋዜጠኝነትን የሚያግድ አንቀጽ ይዞ በመምጣቱ ጋዜጠኞች አደባባይ ወጥተው ተቃውመውታል።

«የኢንዶኔዥያ ቫይራል ቪዲዮ፣ ሙሉውን እዚህ ያገኛሉ» የሚል ሊንክ ተላከልኝ። ልክፈተው?

አይክፈቱት። የአንድ ዝነኛ ሰው ስም ሲነሣ እንዲህ ያለ ሊንክ በሺዎች ይረጫል፤ አብዛኛው የይለፍ ቃል ለመስረቅ ወይም ስልክዎ ላይ ጎጂ መተግበሪያ ለመጫን የተዘጋጀ ነው። ቪዲዮው እውነተኛ ቢሆን ደግሞ የባሰ ነው፤ ያለ ፈቃዷ የተሰራጨባት ሴት አለች። ኢንዶኔዥያ በ2022 ያወጣችው የጾታዊ ጥቃት ወንጀሎች ሕግ ይህን በወንጀል ይቀጣል። አይላኩት፣ አያስተላልፉት።

ቋንቋውን ሳላውቅ ምን ልይ?

ብዙ የኢንዶኔዥያ ፊልም ኔትፍሊክስ ላይ ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጋር ይገኛል። ሙዚቃውን ከዩቲዩብ ይጀምሩ፤ በተለይ ከጋሩት የወጡትን ሦስት የሂጃብ ለባሽ ሴቶች የሜታል ባንድ ቮይስ ኦፍ ባቼፕሮትን ይስሙ። በ2024 በእንግሊዙ ግላስተንበሪ ፌስቲቫል የተጫወተ የመጀመሪያው የኢንዶኔዥያ ባንድ ናቸው።

ጓደኛሽ አሁንም ዘፈን ትልክልሻለች?

ትልካለች። መንደሯ ተመልሳ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ባለፈው ጊዜ የላከችው ግን ዘፈን ሳይሆን መስኮት ነበር። በምሥራቅ ጃቫ «ሳውንድ ሆሬግ» የሚሉት ነገር ተስፋፍቷል፤ ሆሬግ መንቀጥቀጥ ነው። እንደ ቤት የሚያህል ድምፅ ማጉያ በጭነት መኪና ላይ ደርድረው በበዓል ቀን በመንደር ውስጥ ያዞሩታል። መስታወት ይሰነጠቃል፣ ጣሪያ ይረግፋል። በጁላይ 2025 የግዛቱ የኡለማዎች ምክር ቤት ሰውን የሚጎዳውን ሐራም ነው ሲል ፈትዋ ሰጠ፤ አስተዳደሩም የድምፅ መጠን ወሰነለት። በቪዲዮው ላይ የመስኮቷ መስታወት በፍሬሙ ውስጥ ሲርገበገብ ይታያል፤ ትንሹ ልጇ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ይጨፍራል። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ምባክ፣ ይኸው ዳንግዱት አንቺ ቤት ድረስ ይሰማል።»